ከምስክር ወረቀቱ ወደ እንክብሉ፦ በመድኃኒት ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ሥርዓትን ስለማረጋገጥ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

በእጄ የያዝኩት ወረቀት የአንድ ባች (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ) ፓራሲታሞል እንክብል ተመርምሮ ማለፉን የሚገልጽ የምርመራ ምስክር ወረቀት ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ የባች ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ካለፍን በኋላ ወረቀቱ መካከል ላይ አንድ ቁጥር እናገኛለን፤ በእንክብሉ ውስጥ ሊኖር ከሚገባው ፓራሲታሞል 98.7 በመቶው ተገኝቷል ይላል። የጥራት ኃላፊው ይህን ቁጥር አይቶ ይፈርማል፤ ፊርማው ሲያርፍ መጋዘኑ ይከፈታል፤ እንክብሉም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳት ያንገላታው ሰው እጅ ይገባል። ያ ሰው ቁጥሩን አያየውም፤ ቢያየውም የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ቁጥር ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ወደ መጣበትም መልሰን ልንወስደው እንችል እንደሆነ።

ቁጥሩ ከእንክብሉ ተነሥቶ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አላረፈም። እንክብሎቹ ተፈጭተዋል፣ ዱቄቱ በሚዛን ተለክቷል፣ በፈሳሽ ተሟሙቷል፣ ከዚያም ኤችፒኤልሲ ወደምንለው፣ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ ወደሚለካ መሣሪያ ገብቷል። የባለሙያው እጅ መድኃኒቱን የነካው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው፤ ከመሣሪያው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ክሮማቶግራሙን (የምልክቱን ግራፍ) ይስላል፣ ፒኩ (መድኃኒቱን የሚያሳየው የግራፉ ጉብታ) የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይወስናል፣ ስፋቱን ያሰላል፣ ከስታንዳርዱ (መጠኑ ከታወቀው ማነጻጸሪያ) ጋር ያነጻጽራል፣ ክብደቱንና የተቀጠነበትን መጠን በስሌቱ ያስገባል፣ በመጨረሻም 98.7 ይላል። የኮምፒውተር ሥርዓትን ማረጋገጥ፣ በየዕለት ንግግራችን ቫሊዴሽን የምንለው ሥራ፣ ይህ መንገድ በየደረጃው የታሰበለትን ነገር በትክክልና ሳይዋዥቅ እንደሚፈጽም በጽሑፍ ማስረጃ ማሳየት ነው። በእኔ እምነት ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ፤ የሚረጋገጠው ሶፍትዌሩ ሳይሆን መንገዱ ነው፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው አለ፣ የአሠራር መመሪያ አለ፣ መብራት አለ፣ ሰዓት አለ።

ስለ ደንቦቹ ብዙ አልቆይም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለ ኤሌክትሮኒክ መዝገብና ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚደነግገውን 21 ሲኤፍአር ክፍል 11ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመልካም አመራረት መመሪያ አባሪ 11 ተሻሽሎ ሥራ ላይ የዋለው በ2011 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው የቫሊዴሽን መመሪያ ውስጥ ለኮምፒውተር ሥርዓቶች ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል። ባለሙያዎች በእጅ መጽሐፍነት የሚጠቀሙበት ጋምፕ 5 በ2008 ወጥቶ ሁለተኛው እትሙ በ2022 ታትሟል። ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ይህ መዝገብ የተሠራውን ሥራ ይናገራል ወይ?

በላቦራቶሪዎቻችን የተለመደው ግን እንዲህ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ የአቅራቢው መሐንዲስ ይመጣል፤ ለሦስት ቀን ያህል ይተክላል፣ ይሞክራል፣ የተከላና የአሠራር ማረጋገጫ ሰነዱን አትሞ በወፍራም ማኅደር ያስረክበንና ይሄዳል። ማኅደሩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን “ሥርዓቱ ቫሊዴት ተደርጓል” እንላለን። ሰነዱ ውሸት የለበትም፤ ፓምፑ የተባለውን ያህል ፈሳሽ እንደሚገፋ፣ ሶፍትዌሩ በአግባቡ እንደተጫነ በእውነት ይመሰክራል። ነገር ግን መሐንዲሱ የእኛን መድኃኒት አያውቅም፤ ማን በማን የይለፍ ቃል እንደሚገባ፣ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ፣ ቀን የምንጽፈው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም። እነዚህን የምናውቀው እኛ ነን፤ ስለዚህ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የተጠቃሚውን ፍላጎት ቁጭ ብሎ መጻፍ ያለበት መሣሪያው ፊት ሆኖ የሚውለው ባለሙያ ነው። ከሌላ ድርጅት ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ የፍላጎት መግለጫ በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል፤ እንዲህ ባለው ሰነድ ላይ የተሠራ ሙከራ ሁሉ የሌላ ሰው ጥያቄ መልስ ነው።

ይህ ሲታለፍ ምን እንደሚከተል ለማየት ወደ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ልውሰዳችሁ። ኤብል ላቦራቶሪስ የተባለ ድርጅት በዚያ ርካሽ አቻ መድኃኒቶችን ያመርት ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በፊትም በተቆጣጣሪዎች ተጎብኝቷል፤ ወረቀቶቹ የተሟሉ ነበሩና የጎላ ችግር አልታየበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ተቆጣጣሪዎቹ የታተመውን ወረቀት ትተው ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠውን ዋናውን መረጃ መመልከት ጀመሩ። ያገኙት ነገር የመድኃኒት ጥራት ሙያን አስደንግጧል። ከመለኪያው ውጭ የወጡ ውጤቶች በሚያልፉ ውጤቶች ተተክተው ነበር፤ የናሙና ክብደት ተለውጧል፣ የናሙና ብልቃጥ በሌላ ተተክቷል፣ ክሮማቶግራም ከአንድ ቦታ ተቆርጦ ሌላ ቦታ ተለጥፏል። ድርጅቱ ምርቶቹን በሙሉ ከገበያ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመትም ለኪሳራ ተዳረገ፤ በኋላም የቀድሞ ሠራተኞቹ በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ በዚያ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ደምሯል፣ በትክክል አባዝቷል። ማን ምን መቼ እንደለወጠ የሚመዘግበው፣ ኦዲት ትሬይል የምንለው መዝገብም የተደረገውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ያንን መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ የጥራት ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ሥርዓት ተረጋግጧል ስንል ኦዲት ትሬይሉ ሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ የትኛውን ገጽ እንደሚያነበውም አብሮ መረጋገጥ አለበት። አንድ ባች ከመለቀቁ በፊት ከወረቀቱ ጋር የዚያ ባች ኦዲት ትሬይል አብሮ ካልተነበበ መዝገቡ መኖሩ ለበሽተኛው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ የማረጋገጫ ሰነዱ “ተራ ተጠቃሚ መረጃ መሰረዝ አይችልም” የሚል ሙከራ ነበረው፤ ውጤቱም “አልፏል” ይላል። ሙከራው የተደረገው በሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ የመሰረዣው ቁልፍ ደብዝዞ አይሠራም ነበር። እኔ በዚያው ተጠቃሚ ስም ገብቼ ሶፍትዌሩን ወደ ጎን ተውኩትና የዊንዶውስን ማኅደር ከፈትኩ። የዕለቱ ክሮማቶግራሞች እንደ ማንኛውም ፋይል ተደርድረዋል። ለሙከራ ያዘጋጀሁትን አንዱን ይዤ ወደ ቆሻሻ መጣያው ጎተትኩት፤ ሄደ። ተመልሼ ኦዲት ትሬይሉን ስከፍት አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ሰነዱን ያዘጋጁትን ሰዎች አልወቅስም፤ ሶፍትዌሩ ምን እንደሚፈቅድ ጠይቀው ትክክለኛውን መልስ አግኝተዋል። ያልጠየቁት ሰውየው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን የመብት ሙከራ የምጽፈው “አንድ ቸኩሎ የደከመው ባለሙያ፣ ውጤቱ ያላማረው ባለሙያ፣ በየት በኩል ሊያልፍ ይችላል?” ብዬ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት መለወጥ ይችላል ወይ? ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጦ እንደገና መጀመር ይችላል ወይ? የአስተዳዳሪው መብት ያለው ምርመራውን የሚሠራው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? አምስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት መሣሪያ ካለ፣ ሌላው ሙከራ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ሥርዓቱ አልተረጋገጠም፤ ቁጥሩን ተከትለን ወደ ኋላ ስንሄድ ሰው ማግኘት ሲገባን አምስት ሰው እናገኛለንና።

ወደ ክሮማቶግራሙ ቀረብ እንበል። የፓራሲታሞል ጥሬ ዕቃ ሲመረመር አራት አሚኖፌኖል የሚባል ርኩሰት ይፈለግበታል፤ ኩላሊትን የሚጎዳ ነገር ስለሆነ የአውሮፓ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መለኪያዎች የተደነገጉበት መጽሐፍ) ከ0.005 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ክሮማቶግራም ላይ የሚታየው ከመሠረት መስመሩ ብቅ እንዳለች እብጠት ነው። መስመሩን ከእብጠቱ ግርጌ ትንሽ ከፍ አድርጎ መሳል ስፋቱን ያሳንሰዋል፤ ዝቅ ማድረግ ያተልቀዋል። ሶፍትዌሩ መስመሩን በራሱ ሲስል አንዳንዴ በእውነት ይስታል፤ ስለዚህ በእጅ ማስተካከል ሁልጊዜ ነውር አይደለም፤ ፈጽሞ ይከልከል የሚሉትን ወገኖችም አልደግፍም። ሥርዓቱ ግን የመጀመሪያውን መስመር ሳያጠፋ መያዙን፣ ምክንያት ሳይጻፍ ሁለተኛውን አለመቀበሉን፣ ሁለቱንም ለሚፈትሸው ሰው ጎን ለጎን ማሳየቱን መሞከር አለብን። ታትሞ የወጣ ወረቀት የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው። የክሮማቶግራም ወረቀት የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሊተካ አይችልም የሚባለውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም እንደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወደማይቆጥረው፣ ግን በየላቦራቶሪው ወዳለው ነገር ልለፍ፤ ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ ማለቴ ነው። የፓራሲታሞል እንክብል የመሟሟት ምርመራ በአሜሪካ ፋርማኮፒያ መሠረት በ30 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ የተቀመጠው መለኪያ 80 በመቶ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ 6 እንክብሎች ይገባሉ፣ በዚህ ደረጃ በመለኪያው ላይ 5 ስለሚጨመር እያንዳንዳቸው ከ85 በመቶ ማነስ የለባቸውም። ካነሱ ሌላ 6 ተጨምሮ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይታለፋል። አንዲት ባለሙያ ውጤቷን በሠንጠረዡ ስታስገባ አንዱ እንክብል 84.6 ሆነ እንበል። ሴሉ ያለ ነጥብ እንዲያሳይ ስለተደረገ በዓይን የሚታየው 85 ነው፤ ውስጡ ያለው ግን 84.6 ስለሆነ ቀመሩ ከ85 ጋር ሲያነጻጽረው “አላለፈም” ይላል። ፋርማኮፒያው ቁጥሩ ወደ 85 ተጠጋግቶ እንዲነበብ ስለሚያዝ ትክክለኛው ፍርድ ማለፍ ነበር። አንድ ቅን ሰው ይህን አይቶ “ሠንጠረዡ ተበላሽቷል” ይልና በቀመሩ ውስጥ ያለውን 85 ወደ 84 ይለውጠዋል። ለዚያ ዕለት ችግሩ ተፈታ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግን 84.2 የሆነ እንክብል ሁሉ ወደ ሁለተኛው ደረጃ መሄድ ሲገባው በመጀመሪያው ያልፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ቁጥሩን ስትተይብ ከነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ ገብቶ “79. 2” ቢሆን ኤክሴል ቁጥር መሆኑን ያቆምና እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ትንሹን ቁጥር የሚፈልገው ቀመር ጽሑፍን ስለሚዘልል አምስቱን ብቻ አይቶ “አልፏል” ይላል። የወደቀው እንክብል ሠንጠረዡ ላይ እያለ ከፍርዱ ግን ወጥቷል። የሚያጋልጠው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ወደ ሴሉ ቀኝ ጠርዝ ሲጠጉ ያ ወደ ግራ ይጠጋል። ስለዚህ ሠንጠረዥ ሲረጋገጥ ሁሉም 95 የሆኑ የሚያምሩ ቁጥሮችን አስገብቶ መፈረም ሥራ አይባልም። 84.4ን፣ 84.5ን፣ ባዶ ሴልን፣ ክፍት ቦታ የገባበትን ቁጥር አስገቡ፤ ውጤቱን በእጅ ካልኩሌተር አስልታችሁ አነጻጽሩ፤ ከዚያ ቀመሮቹን ቆልፉ፣ ፋይሉንም ማንም ገልብጦ ዴስክቶፕ ላይ ሊያስቀምጠው ከማይችልበት ቦታ አድርጉ።

ከውጭ የመጣ የማረጋገጫ ሰነድ ፈጽሞ የማያነሣው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ልናልፈው የማንችለው ጉዳይ ደግሞ ሰዓትና ቀን ነው። ባለሙያው ናሙናውን መዝኖ በማስታወሻ ደብተሩ “8፡10” ብሎ ይጽፋል፤ ከቀትር በኋላ ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ናሙናው መሣሪያው ውስጥ የገባበትን ሰዓት 14፡40 ብሎ ይመዘግባል። እኛ በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት እንዳለ ወዲያው እንረዳለን። ከሌላ አገር የመጣ ተቆጣጣሪ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ያያል፤ የተሟሟው ናሙና ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም የሚል ገደብ ካለ ምርመራው ለእሱ ዋጋ የለውም፤ ስናስረዳውም ማስረጃችን ቃላችን ብቻ ይሆናል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/2 ብሎ የጻፈ ሰው መረጃውን ሲያስገባ ሥርዓቱ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብሎ ሲያስገባ ቀን የሚያስቀድመው ሥርዓት ይመልስበታል፤ ወር የሚያስቀድመው ሥርዓት ግን ሜይ 13 ነው ብሎ በጸጥታ ይቀበለዋል። የሚመልስበት ይሻላል። አንድ ኮምፒውተር ሲጫን የሰዓት ክልሉ በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ላይ ተትቶ፣ ረቡዕ ጠዋት የተሠራ ምርመራ ማክሰኞ ሌሊት እንደተሠራ ሆኖ ለወራት ሲመዘገብ አይቻለሁ። የተከላ ማረጋገጫው ሶፍትዌሩ የቱ እትም እንደሆነ መዝግቦ ሰዓቱ ስንት እንደሚል አልጠየቀም ነበር።

የዘመን አቆጣጠራችንን እንተው እያልኩ አይደለም፤ ቅርሳችን ነው፣ ሕጋዊ ሰነዶቻችንም ይጠቀሙበታል። የምለው ላቦራቶሪው አንዱን መርጦ በአሠራር መመሪያው ይጻፍ፤ ደብተሩም ኮምፒውተሩም በዚያው ይሂዱ፤ ሁለቱን መጠቀም ግድ ከሆነም የትኛው የትኛው እንደሆነ ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ፤ የማረጋገጫ ሙከራውም ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 5ን በስም ይጥቀስ የሚል ነው።

መብራቱም የሥርዓቱ አካል ነው። ናሙናዎች ተሰልፈው ሌሊቱን ሲመረመሩ መብራት ቢጠፋ በመካከል በመመርመር ላይ የነበረው ናሙና ምን ይሆናል? ይጠፋል? እንደ ሙሉ ምርመራ ይመዘገባል? ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሰልፉ ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከመጀመሪያው? ይህን መልስ መመሪያ መጽሐፉ ውስጥ አትፈልጉ፤ የሙከራ ናሙና ጭናችሁ፣ በመካከሉ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ፤ በሌላ ጊዜም ባለቤቱ እያወቀ ኃይሉን አጥፉ፤ የሆነውንም ጻፉ። ከኔትወርክ ጋር ያልተገናኘ አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ በውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ እሷ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ምርመራ ሁሉ ላቦራቶሪው ከመከፈቱ በፊት እንደተሠራ ሆኖ ይመዘገባል። የባትሪዋ መለወጫ ቀን በጥገና መርሐ ግብሩ ውስጥ ካልገባ ኦዲት ትሬይሉን ማመን ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ለፒኤች መለኪያም ለማዕከላዊው የላቦራቶሪ መረጃ ሥርዓትም እኩል እንሥራ ማለቴ አይደለም፤ ጋምፕ 5ም በገበያ እንዳለ የሚሠራበትን፣ ለእኛ የተስተካከለውንና ለእኛ ተብሎ የተጻፈውን ለይቶ ክብደቱን እንድናስተካክል ነው የሚመክረው። አቅማችን ውስን ነው፤ ባለሙያ የሚጎድልባቸው ላቦራቶሪዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጊዜያችንን ቁጥሩ ሊለወጥ በሚችልባቸው ቦታዎች ላይ እናውለው።

የመጨረሻው ጉዳይ የመረጃው ዕድሜ ነው። መድኃኒቱ የሁለትና የሦስት ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል፤ መረጃውም ከዚያ በኋላ ጭምር መነበብ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ግን በየጊዜው ይለወጣል። አንድ ጊዜ አዲስ እትም ከተጫነ በኋላ አምስት ዓመት ያለፈው ክሮማቶግራም ለመክፈት ሞክረን ነበር። ተከፈተ፤ ፒኩ አለ፣ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ። የመሠረት መስመሩ ግን አልመጣም፤ ስፋቱ እንዴት እንደተገኘ የሚያሳየን ነገር አልነበረም። መጠባበቂያ ቅጂው በየሳምንቱ ሲወሰድ ኖሯል፤ ማንም ግን መልሶ ከፍቶ አይቶት አያውቅም። አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጋዘን አውጥተን አጸዳነው፤ ከኔትወርክ አላቅቀን ለብቻው አንድ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ አንድ ሰው ከድሮዎቹ ባቾች አንዱን በዕጣ ያወጣል፤ ክሮማቶግራሙን ይከፍታል፣ ስፋቱን እንደገና ያሰላል፣ ክብደቱን ከደብተሩ ይወስዳል፣ ያገኘውንም በዚያን ጊዜ በወጣው ምስክር ወረቀት ላይ ካለው ቁጥር ጎን በእስክሪብቶ ጽፎ ይፈርማል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።